ፀሐይ ጥላ የምትነፍግበት ቀን... የካላንደር ጨዋታ ከግራና!

ለመሆኑ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ስልካችሁን ሳታዩ መልሱ! አልመጣላችሁም አይደል? አይዞን፣ ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። የፈረንጁን ለቢሮ፣ የሐበሻውን ለበዓልና ለቤት ኪራይ እያልን ሁለቱንም በግማሽ ይዘን እንኖራለን። የኛስ ይሁን፣ አንዴ አድገናል። ጉዱ ያለው ከትንንሾቹ ጋ ነው።

አሁን አሁን በከተማው መዋዕለ ሕፃናት ቀን ያልወጣለት ነገር የለም። ‹‹ከለር ዴይ›› ሲባል ልጁ ቀይ በቀይ ለብሶ ይሄዳል። የፒጃማ ቀን ሲባል በሌሊት ልብሱ ክፍል ይገባል። የተንጨባረረ ፀጉር ቀን ደግሞ አለ፤ ያን ዕለት ማበጠሪያ ክልክል ነው! ወላጅ ማታ ከሥራ ሲገባ ‹‹የነገው ቀን ምንድን ነው?›› እያለ ቁም ሣጥን ሲበረብር ያመሻል። ነገሩ ክፋት የለውም። ሕፃን ልጅ የሚማረው በጨዋታ ነው። ቀን ተቆርጦለት፣ ‹‹ስንት ቀን ቀረው?›› እያለ ሲጠብቅ ደግሞ ትምህርቱ ይበልጥ ይገባዋል። ዘዴውን አንነቅፍም።

ግን ያንኑ ልጅ ‹‹ጳጉሜ ስንት ቀን ናት?›› ብላችሁ ጠይቁት እስቲ። ‹‹ጳጉሜ ምንድን ናት?›› ብሎ መልሶ ከጠየቃችሁ አትገረሙ። ጎበዝ! ቀን ከሰው ተውሰን የምንደግሰው የራሳችን ቀን አልቆብን ነው እንዴ?

አላለቀብንም። እንዲያውም ይህንን ጽሑፍ የምታነቡ ወጣት እናቶችና አባቶች፣ አክስቶችና አጎቶች፣ ታናሽ ወንድምና እህት ያላችሁ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ልጅ የሚያጫውትና የሚያስተምር ቀን በነፃ ተቀምጦላችኋል። ዛሬ ቀኖቹን ወደምናይበት አገር እንሂድ። ወደ ሰሜን ወሎ፣ ወደ ሀብሩ፣ ወደ ግራና!

ግራና የት ናት?

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማ በርን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ኮምቦልቻን አልፋችሁ ደሴ ትገባላችሁ። ከደሴ ሐይቅን፣ ያቺን ውል ያወዛገበባትን ውጫሌን፣ ከዚያም ውርጌሳን ስታልፉ መርሳ ናት። ወልድያ ለመድረስ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራችሁ ማለት ነው። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ግራና የመርሳ ጎረቤት ናት። ትንሽ ከተማ ብትሆንም ስሟ ከራሷ በላይ ሰፊ ነው፤ በከርሰ ምድር ውኃ መስኖ የሚታወቀው ሸለቆ ‹‹ቆቦ ግራና›› እየተባለ ነው የሚጠራው። አገሩ ሞቃት፣ እርሻው ማሽላና ጤፍ፣ ጓሮው ማንጎና ፓፓያ ነው። ሕዝቡ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የየጁ ሰው ነው። እንግዳ ሲመጣ ‹‹አብሽር!›› ይባላል፤ ‹‹አይዞህ›› ለማለትም ‹‹በርታ›› ለማለትም ይሆናል። ልጅ እዚያ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ሲያጠፋ ያየው ይገስጸዋል፣ ሲርበው የቀረበው ቤት ያበላዋል።

አንድ ነገር ግን ሳንደብቅ እንናገር። ይህ አገር በቅርብ ዓመታት ብዙ አይቷል። በ2013 ዓ.ም ነሐሴ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን አዳርሶ እስከ 2014 ዓ.ም ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ቆይቷል። የዚያን ዓመት ቡሄና አሸንድዬ በሰላም ያሳለፈ ልጅ በዚያ አካባቢ ማግኘት ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ስለዚህ ለመሄድ ያሰባችሁ መንገዱን አስቀድማችሁ ከዘመድና ከሹፌሮች አጣሩ። መሄድ ባትችሉ እንኳ ከዚህ በታች ያሉትን ጨዋታዎች ባላችሁበት ልትሞክሯቸው ትችላላችሁ።

ይህን ያነሳነው ለሐዘን ብቻ አይደለም። ለትንንሽ ልጆች የሚሆን አንድ ዓመት ቅድመ መደበኛ፣ ‹‹ኦ ክፍል›› የምንለው፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው በ2002 ዓ.ም የወጣውን የቅድመ ሕፃናት ትምህርት ማዕቀፍ ተከትሎ ነው። ከዚያ በፊት የገጠሩ ሕፃን ትምህርት ቤት የቄስ ትምህርት ቤቱ፣ የቁርዓን ቤቱና የእንጨት ሉሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀን መቁጠሪያው ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያልተዘጋው ክፍል ይኸው የመጨረሻው ነው። መስከረም መምህር አያስፈልጋትም። ነሐሴም ቁልፍ የላትም። ልጅ ቢያንስ መቁጠር፣ ማመዛዘን፣ ተራ መጠበቅና ጎረቤቱን ማክበር የሚማርበት ቀን በዓመት ውስጥ ተበትኖ አለ።

በሉ እንግዲህ ቀኖቹን እንልቀማቸው።

መጀመሪያ ሒሳቡ... በአምስት ጠጠር!

የፈረንጅ ልጅ የትኛው ወር 30፣ የትኛው 31 እንደሆነ ለማወቅ ጭብጡን እየቆጠረ ወይም ግጥም እየሸመደደ ነው የሚያድገው። የኛ ልጅ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ሁሉም ወር 30 ነው፤ አሥራ ሁለት ጊዜ 30፣ ከዚያ ጳጉሜ 5። በቃ!

የጨዋታው ዕቃ በእያንዳንዱ ደጅ ወድቆ ይገኛል። ቅልሞሽ ታውቁ የለ? አምስት ጠጠር። አንዱን ወደ ላይ ወርወር፣ ሌላውን አፈስ፣ የተወረወረውን ቅለብ። አምስቱን ጠጠሮች የጳጉሜ አምስት ቀናት አድርጉላቸው። እያንዳንዱ ጠጠር ሲለቀም ‹‹ጳጉሜ አንድ፣ ጳጉሜ ሁለት›› ይባል። አምስቱንም የለቀመ አዲስ ዓመት ገባ! በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ጠጠር ይጨመራል፤ ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ይባላል። በ2015 ዓ.ም ጳጉሜ 6 ነበረች፤ ተመልሳ የምትመጣው በ2019 ዓ.ም ነው። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ‹‹ስድስተኛዋ ጠጠር የት ሄዳ ነው የምትመጣው?›› ብሎ ከጠየቃችሁ፣ ስለ ዘመነ ሉቃስ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ በር አታገኙም።

ሰኞ ማክሰኞም አለላችሁ። መሬት ላይ የሚሰመረው፣ በአንድ እግር የሚዘለለው። ስሙ ራሱ ሳምንት ነው! ከተማ ውስጥ በጠመኔ በሲሚንቶ ላይ፣ ግራና በእንጨት በአፈር ላይ ይሰመራል፤ ዝላዩ አንድ ነው። ለአደግ ላሉት አንድ ሚስጥር ጨምሩላቸው። ወር 30 ቀን ስለሆነ፣ ማለትም አራት ሳምንትና ሁለት ቀን ስለሆነ፣ የወሩ መጀመሪያ ቀን በየወሩ ሁለት ቀን ወደፊት ይዘላል። መስከረም 1 ሐሙስ ከዋለ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ ነው። ልጁ በሰኞ ማክሰኞው ላይ ሁለት ሁለት እየዘለለ ዓመቱን ይጨርሰው። ጳጉሜ ላይ ሲደርስ ግን ዝላዩ ይለወጣል፤ አምስት ቀን ብቻ ናትና አምስት ይዘላል። ለምን? እሱ ይንገራችሁ።

መስከረም 1፤ አበባ ቆጠራ

እንቁጣጣሽን ማን ያስተምረናል ትሉ ይሆናል። ሴቶቹ አበባዮሽ ብለው ይዞራሉ፣ ወንዶቹ በቀለም የሳሉትን ሥዕል ያድላሉ፣ ሳንቲም ይሰበሰባል፤ አለቀ። ትንሽ ጨምሩበት። አደይ አበባ በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ ብቻ ነው ሜዳውን ቢጫ የምታለብሰው። ልጁ አሥር አበባ ይልቀምና የእያንዳንዷን ቅጠል ይቁጠር። ሁሉም እኩል ነው ወይስ ይለያያል? ከዚያ አንዷን በወፍራም መጽሐፍ መሀል አድርጎ ቀኑን ጽፎ ይዝጋባት። በሚቀጥለው መስከረም 1 ይከፍታታል። ይህች ትንሽ ነገር ልጅ ‹‹አንድ ዓመት›› ማለት ምን ያህል እንደሚረዝም በእጁ እንዲጨብጥ ታደርገዋለች። ለሕፃን አንድ ዓመት ማለት ከሰማይ እንደመጣ ወሬ ነው፤ ደርቃ ቀለሟ የደበዘዘች አበባ ግን ማስረጃ ናት።

ጥቅምትና ኅዳር፤ ማማው ላይ

በግራና በኩል ማሽላው ሲያሽት የልጆች ወቅት ይገባል። ማሳ መሀል ማማ ይሠራል፤ ልጆች ወጥተው በወንጭፍና በጩኸት ወፍ ይጠብቃሉ። የከተማ ልጅ ማማ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ከፍታውን ነው። ቀጥሎ ጥንቅሹን ያያል! ጥንቅሽ ማለት አገዳው እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጥ ማሽላ ነው፤ በጥርስ ተልጦ ይመጠጣል። ከዚያ ግን ትምህርቱ ይጀምራል። የትኛው ወፍ በመንጋ ይመጣል? የትኛው ለብቻው? ነፋሱ ከየት ነው የሚነፍሰው? ጠጠሩ ሩቅ የሚሄደው ወንጭፉ ሲረዝም ነው ወይስ ሲያጥር? የአገሩ ልጆች ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። ‹‹ሰርክል፣ ትራያንግል፣ ሬክታንግል›› እያለ የሚቆጥረው እንግዳ ልጅ እነሱን ሲያይ አፉን ይከፍታል። እነሱም እሱ የሚያውቀውን ሲሰሙ እንዲሁ። መማማር ይሏል ይሄ ነው።

ግን አናሳምረው። ወፍ ጥበቃ ለእንግዳው ጨዋታ ነው፣ ለባለቤቱ ልጅ ሥራ ነው። በዚያ ወቅት ከክፍል የሚቀር ልጅ አለ። ልጃችሁን ማማ ላይ ስታወጡ ይህንንም ንገሩት፤ ‹‹አንተ ለአንድ ቀን ነው፣ እሱ ለወር ነው›› በሉት። ልጅ ይገባዋል። ከሄዳችሁ ደግሞ ከከረሜላ ይልቅ ደብተርና እርሳስ ያዙ።

ኅዳር 12፤ ቁንዶ በርበሬው ሲሸሽ

ይህ ቀን ከከተማው ወጥቶ የማያውቅ የሚመስለን የአዲስ አበባ ጉድ ነው። ኅዳር ሲታጠን! በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፣ ከተማው ጭስ ይሆናል። ለምን እንደሆነ ስንቱ ወጣት ያውቃል? በ1911 ዓ.ም ዓለምን ያዳረሰው፣ በሌላው አገር የስፔን ጉንፋን የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝቡን ሲፈጅ የተጀመረ መታሰቢያ ነው። የኛ ሰው ‹‹የኅዳር በሽታ›› አለው። ኮሮናን ያየ ትውልድ ይህን ታሪክ ለልጁ ለመንገር አይቸገርም።

የዛሬ ምክራችን ጭሱን ትታችሁ ትምህርቱን እንድትይዙ ነው። ዛሬ ቆሻሻው ፕላስቲክ ነው፤ ጭሱ ራሱ በሽታ ያመጣል። ይልቁንስ ይህን ሞክሩ። በጎድጓዳ ሳህን ውኃ አድርጉ፤ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ላዩ ላይ በትኑ። ልጁ ጣቱን ይንከር፤ ቁንዶ በርበሬው ጣቱ ላይ ይለጠፋል። አሁን ጣቱን ፈሳሽ ሳሙና አስነክታችሁ እንደገና ይንከር። ወዲያው በርበሬው ወደ ዳር ይሸሻል! የልጁን ፊት እዩት። ከዚያ በኋላ ‹‹እጅህን ታጠብ›› ብላችሁ አትጮኹም፤ እሱ ነው እናንተን የሚያስታጥባችሁ።

ታኅሣሥ፤ ገና የምትሸሽበት ዓመት

ገና መቼ ነው? ‹‹ታኅሣሥ 29!›› አላችሁ። ተሳስታችኋል... ማለት በየአራት ዓመቱ አንዴ። ጳጉሜ 6 ሆና ባለፈች ማግስት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና ታኅሣሥ 28 ነው የሚውለው። በ2016 ዓ.ም እንዲህ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም ደግሞ ይደገማል። ምክንያቱ ቆጠራ ነው። ከመጋቢት 29 ፅንሰት እስከ ልደት ያሉት ቀናት 275 ናቸው። ጳጉሜ አንድ ቀን ስትጨምር ቆጠራው እንዳይዛባ በዓሉ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህ ጥሩ እንቆቅልሽ ነው። ባቄላ ስጡት፣ ይቁጠረው።

ለትንንሾቹ ደግሞ የገና ጨዋታው አለ። ጫፉ የቆለመመ ዱላና ሩር። ሩሯን ከጨርቅ ጠቅልላችሁ ብትሠሩላቸው ማንንም አታቆስልም። ሰሜን ወሎ ላይ ገና ሲባል ላሊበላ አለና ካርታ አውጥታችሁ ከግራና ላሊበላ ያለውን ርቀት በክር ለኩላቸው። ካርታ ማንበብ የጀመረ ልጅ ከክር ጋር ይዋደዳል።

ሚያዝያ 12፤ ጥላ የጠፋበት ቀትር

ይህን ቀን ዝም ብለው የሚያልፉት ሰዎች ያሳዝኑናል። ከሁሉም በላይ ጉድ የሆነው ቀን እሱ ነው!

ዘንግ ቀጥ አድርጋችሁ መሬት ላይ ትከሉ። ጥላው ጠዋት ረዥም ነው፣ ቀትር ላይ ያጥራል፣ ማታ ተመልሶ ይረዝማል። ይህን ልጅ ሁሉ ያውቃል። ግን በዓመት ሁለት ቀን ቀትር ላይ ጥላው ጨርሶ ይጠፋል። ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ትሆናለች። ግራና ላይ ይህ የሚሆነው ሚያዝያ 12 ገደማና ነሐሴ 17 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሚያዝያ 5 ገደማና ነሐሴ 24 ገደማ። ሰዓቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው። ነሐሴ ደመና ስለሚበዛበት የሚያዝያው ይሻላል።

እንግዲህ አስቡት። በሚያዝያ ፀሐይ ከአዲስ አበባ አናት ተነስታ ግራና አናት ለመድረስ አንድ ሳምንት ይፈጅባታል። አውቶቡስ እንኳ ትቀድማታለች! በነሐሴ ደግሞ ስትመለስ መጀመሪያ ግራና ነው፣ ከሳምንት በኋላ አዲስ አበባ። ግራና ዘመድ ያለው ሰው ሚያዝያ 5 ከአዲስ አበባ ይደውል፤ ‹‹እዚህ ጥላ የለም፣ እናንተ ጋ አለ?›› ይበል። ሚያዝያ 12 እነሱ ይደውሉ። ሁለቱ ልጆች በስልክ የሚያደርጉት ይህ ጨዋታ ትልቅ ታሪክ አለው። ከ2200 ዓመት በፊት በእስክንድርያ የኖረው ኤራቶስቴንስ የተባለ ሊቅ፣ አስዋን አካባቢ ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት ቀትር እስክንድርያ ላይ ጥላ መኖሩን ይዞ ነበር የምድርን ዙሪያ ያሰላው። በዘንግና በጥላ!

ለልጁ ጨዋታው ቀላል ነው። ከሚያዝያ 1 ጀምሮ በየቀኑ ቀትር ላይ የዘንጉ ጥላ ጫፍ ላይ ጠጠር ያስቀምጥ። ጠጠሮቹ ወደ ዘንጉ እየቀረቡ ሲመጡ ያያል። የጠፋበት ዕለት ጭብጨባ! ሎንዶንና ፓሪስ ያለ ልጅ ይህን ቀን በአገሩ ሆኖ ቢጠብቅ ዕድሜውን ሙሉ አያገኘውም፤ እዚያ ፀሐይ አናት ላይ አትወጣም። ቀን ከሰው የምንዋሰው እኛ ብቻ መሆን የለብንም፤ የሌላቸውም ይቅናቸው።

መውሊድ፤ ጨረቃን የሚስል ልጅ

ሀብሩ ውስጥ ሙስሊሙ ይበዛል፤ የመውሊድ ነገር በየጁና በጠቅላላው በወሎ ትልቅ ነው። መንዙማው፣ ድቤው፣ የጫት ጀማው፣ ግብዣው። የየጁዋ ዳና በዚህ የታወቀች የትምህርትና የመውሊድ ቦታ ናት። ታዲያ መውሊድ በየዓመቱ ወሩን ይለውጣል፤ አንዴ በክረምት፣ አንዴ በበጋ ይመጣል። ልጁ ‹‹ለምን?›› ቢል ምን ትሉታላችሁ?

መልሱ ሰማይ ላይ ነው። የእስልምናው አቆጣጠር ጨረቃን ይከተላል። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ስለሆኑ ዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ በ33 ዓመት አካባቢ ወቅቶቹን ሁሉ ዞሮ ይመለሳል። ስለዚህ ሰባ ዓመት የሞላቸው አንዲት የግራና እናት መውሊድን በመስከረም አበባም፣ በሚያዝያ ሐሩርም፣ በነሐሴ ጭቃም አክብረዋል። ጠጋ ብሎ ‹‹እማማ፣ መውሊድ ዝናብ ላይ ውሎ ያውቃል?›› ብሎ መጠየቅ ለልጅ ታሪክ መማር ነው።

ጨዋታው ይህ ነው። አንድ ወረቀት ላይ 30 ክብ ሥሩለት። በየማታው ጨረቃን ወጥቶ አይቶ በዚያ ቀን ክብ ውስጥ ይሳላት። ቀጭን ሆና ስትታይ ወሩ ገባ። መውሊድ በወሩ 12ኛው ቀን ስለሆነ ጨረቃዋ ልትሞላ ጥቂት ሲቀራት ነው፤ የመውሊድ ሌሊት ሁልጊዜ ብርሃናማ የሆነው ለዚህ ነው። ዒድ አልፈጥር ደግሞ ቀጭኗ ጨረቃ ስትታይ ነው። ለክርስቲያኑም ልጅ ንገሩት፤ ፋሲካ ወሩን የሚለዋውጠው በባሕረ ሐሳብ የጨረቃ ቆጠራ ስላለበት ነው። ሁለት ልጆች፣ አንድ ጨረቃ። ከወሎ የምንወስደው ትልቁ ትምህርት ይህ ሳይሆን አይቀርም። እዚያ ብዙ ቤት ውስጥ አንዱ የአክስት ልጅ ሲጾም ሌላው ይበላል፣ በዓል ሲመጣ ሁለቱም ቤት ይጠራራል። ለሕፃን ይህን በስብከት አታስገቡለትም፤ በሥዕል ይገባዋል።

ነሐሴ፤ ጅራፍና ሻደይ

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ዋዜማው ችቦና ሙልሙል፣ ሳምንቱ ጅራፍ። ጅራፉ ለምን ‹‹ጧ›› ይላል? ዱላውን ስለመታ አይደለም። ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሮጥ ነው! እንደ ጄት ማለት ነው። ገደል ማዶ ያለ እረኛ ሲያጮህ መጀመሪያ እጁ ሲወርድ ታያላችሁ፣ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። ልጁ ቀስ ብሎ ‹‹አንድ... ሁለት... ሦስት›› ብሎ ይቁጠር። ሦስት ከሆነ እረኛው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መብረቅም እንዲሁ ይለካል። ጅራፉን ግን ለትንሽ ልጅ አትስጡ፤ ዓይን ያጠፋል። ችቦም እንደዚያው፤ የሚይዘው ትልቅ ሰው ይሁን።

ከነሐሴ 16 እስከ 21 ደግሞ የሴቶቹ ቀን ነው። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ ከግራና ሰሜን በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። አንድ ጨዋታ፣ ሦስት ስም! ልጃገረዶቹ ለምለሙን ቄጤማ ወገባቸው ላይ ያስሩና ይጫወታሉ። ለትንሿ ልጅ ቄጤማውን በክር ላይ ማሰር፣ አንዱን ረዥም አንዱን አጭር እያፈራረቁ መደርደር፣ ስንት እንደሚበቃ በወገቧ መለካት ሙሉ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ልብ በሉ፣ ነሐሴ 17 ጥላ የሚጠፋበት ቀን ነው። ሰማዩ ከተገለጠ ልጃገረዶቹ ቀትር ላይ ያለ ጥላ ይጨፍራሉ!

ጳጉሜ 3፤ ዝናቡን መለካት

የሩፋኤል ዝናብ ይባላል። ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ይታጠባሉ፤ እናቶች ‹‹ጠበል ነው›› ይላሉ። የልጅነታችሁን አስታወሳችሁ አይደል? ከመታጠቡ በፊት አንድ ወጥ የሆነ ጣሳ ደጅ ላይ ይቀመጥ። ዝናቡ ሲያባራ ልጁ ማስመሪያ ከትቶ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ይጻፍ። አምስቱንም የጳጉሜ ቀናት ይለካና ይደምር። ግራና ያለው ዘመዱም ይለካ። የማን ይበልጣል? ለገበሬው አገር ይህ ቁጥር እንጀራ ነው፤ የከተማው ልጅ ዝናብ ማለት የትራፊክ መጨናነቅ ብቻ አለመሆኑን የሚያውቀው ያን ቀን ነው።

ከማሳረጋችን በፊት ሦስት ምክሮች

አንደኛ፣ ወጪ አታብዙ። ጠጠር፣ ዘንግ፣ ጣሳ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ባቄላ። ከዚህ ያለፈ ወጪ የጠየቀ ጨዋታ ካለ የልጁ ሳይሆን የወላጁ ጨዋታ ሆኗል።

ሁለተኛ፣ አታስገድዱ። ልጁ ጥላውን ሦስት ቀን ለክቶ ቢሰለች ተዉት። በሚቀጥለው ሚያዝያ ራሱ ያስታውሳችኋል።

ሦስተኛ፣ ገጠሩን መካነ እንስሳ አታድርጉት። ግራና ስትሄዱ የሰውን ልጅ አሰልፎ ፎቶ ማንሳት ይቅርባችሁ። ልጆቹ አብረው ይጫወቱ፤ እናንተ ከትልልቆቹ ጋር ቡና ጠጡ። አቦሉን ብላችሁ አትነሱ፤ በረካ ሳይጠጡ መሄድ ያስቀይማል።

መዋዕለ ሕፃናቱም ‹‹የተንጨባረረ ፀጉር ቀን›› ይበል፣ አንከለክለውም። ከጎኑ ግን ‹‹የጥላ ቀን››፣ ‹‹የጨረቃ ወር››፣ ‹‹የስድስተኛዋ ጠጠር ዓመት›› ብሎ ቢጨምር ምን ይጎድልበታል? ክፍሉ የተዘጋበት የግራና ልጅና ክፍሉ የሞላለት የከተማ ልጅ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዘንግ፣ በአንድ ጥያቄ ሊገናኙ ይችላሉ። ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ሳለ ሳናገናኛቸው ብንቀር ጥፋቱ የካላንደሩ አይደለም።

በሉ፣ ዛሬ ማታ ወጣ ብላችሁ ጨረቃዋን እዩዋት። ስንተኛ ቀኗ ነው? ልጁን ጠይቁት። ቸር ሰንብቱ!